ለጋሼ፣ በበዓሉ ሰሞን ለደገፋችሁኝም ሁሉ

ይህን በዓል ከልጆቼ ተለይቼ እንዳሳለፍኩ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስለሱ ብዙ አላወራም። ሳላመሰግን ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ከሁሉ በፊት ጎረቤቴን ጋሼን። ስማቸው እንዲጠራ ስለማይወዱ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በዋዜማው ምሽት በሬን ሲያንኳኩ መብራት እንኳ አላበራሁም ነበር። የልጆቹን ስጦታ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ መደወል ግን አቃተኝ። ጋሼ ምንም አልጠየቁኝም። መብራቱን አበሩና "ተነስ፣ መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ" አሉኝ። እህል አስቀመሱኝ። ከዚያ "በል አሁን ደውል። ናፍቃችሁኛል በላቸው፤ ግን አታልቅስባቸው። ውሏቸውን ጠይቃቸው" አሉኝ። እሳቸውም ስንት በዓል ከልጆቻቸው ተለይተው እንዳሳለፉ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ደወልኩ። ወንዱ ልጄ ከንፈሩን ወደ ላይ ስቦ ጥርሱ የወለቀበትን ቦታ አሳየኝ። ካሜራው ላይ ከመለጠፉ የተነሳ የታየኝ ድዱ ብቻ ነበር። ትንሿ ግን ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና "አባዬ፣ ብቻህን ነህ?" አለችኝ። ጉሮሮዬ ተያዘ። ይሄኔ ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ወደ ስልኩ ተጠጉና "እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ የኔ ልጅ!" አሏት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ለካ ልጄ ስለኔ ስትጨነቅ ነው የዋለችው! እኔ ደግሞ የራሴን ናፍቆት ብቻ... ይህን ስጽፍም እንባዬ ይቀድመኛል።

ጋሼ እስከ እኩለ ሌሊት አልተለዩኝም። ጠዋትም ማልደው መጡ። በምን ልክፈልዎት? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ያማከርሽኝ እህቴ፣ አንቺንም አልረሳሽም። "መብቴ ነው" እያልኩ ስጮህ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አውጥተሽ አንቀጽ 9ን አነበብሽልኝ። ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር አዘውትሮ የመገናኘት መብት የልጁ ነው ይላል። የልጁ! ከዚያ ወዲህ ከልጆቼ እናት ጋር ስንነጋገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የምደውልበትን ሰዓትም ቀድመን ተስማማን። እሷም ሰዓቱን አክብራ ስልኩን ለልጆቹ ሰጠቻቸውና እንደልባችን እንድናወራ ክፍሉን ለቀቀችልን። ከልቤ አመሰግናታለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጓደኞቼ፣ የደወላችሁ፣ መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ስማችሁን ያላነሳሁ ይቅር በሉኝ። መልስ ያልሰጠኋችሁም አላችሁ። ግን ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱንም ደጋግሜ።

ጋሼ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ይመጣሉ። ስጦታው እንደታሸገ ነው። ትንሿ "እኚያ አባባም ይኖራሉ?" ብላኛለች። አዎ ብያታለሁና እንዳይቀሩብኝ።