ማን ተጠየቀ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ዓለም ሰው ሰራሽ አስተውሎትን (ኤአይን) እንዴት እያየው እንደሆነ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሀብታሙ አገር ፈርቶታል፣ ታዳጊው ዓለም ግን እልል ብሎ ተቀብሎታል የሚለው ድምዳሜ አልተዋጠልኝም።

ቁጥሩ ልክ ነው። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ኢፕሶስ እ.ኤ.አ. በ2024 በ32 አገሮች ባደረገው ጥናት፣ በቻይና 83 ከመቶው ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብለዋል፤ በኔዘርላንድስ (ሆላንድ) ግን 36 ከመቶው ብቻ። ግን ጥናቱ በአብዛኛው የተሠራው በኢንተርኔት ነው። እንደ ኢንዶኔዥያ ባሉ አገሮች የተጠየቁት ይበልጥ ከተሜና የተማሩ መሆናቸውን ኢፕሶስ ራሱ ይናገራል። ኢንተርኔት ያልገባለት ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም። (ኢትዮጵያ ጭራሽ ዝርዝሩ ላይ የለችም። እኛ መቼ እልል እንዳልን እንጃ።)

ደግሞስ ሆላንዶች ቢጠራጠሩ ይፈረድባቸዋል? የግብር መሥሪያ ቤታቸው የሕፃናት ማቆያ ድጎማ የሚያጭበረብሩትን እንዲለይለት በኮምፒውተር ፕሮግራም ተማመነ። ፕሮግራሙ የአገሩ ዜግነት የሌለውን አመልካች የባሰ ይጠረጥር ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተባሉ። አንዳንዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ መልስ ተባለ። ለምን ብለው ሲጠይቁ የሚመልስላቸው ጠፋ። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ምሕረት አያውቅም ነበር። በዚሁ ጣጣ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የማርክ ሩተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ሥልጣን ለቀቀ። ይህን ያየ ሰው ቢጠነቀቅ እኔ ፈሪ አልለውም።

እኛም ጋ በስልክ የሚሰጥ ብድር መጥቷል። የእህቴ ልጅ ትንሽ ሱቅ አላት። ያለፈውን ብድር በሰዓቱ ከፍላ ጨርሳለች። ዘንድሮ ስትጠይቅ የተፈቀደላት የድሮው ግማሽ ነው። ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትህትና «ሲስተሙ ነው የሚወስነው የኔ እህት» አለቻት። አለቀ። ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ይህችው የእህቴ ልጅ ስለ ኤአይ ምን ታስቢያለሽ ብትባል «አሪፍ ነው» ነው የምትለው። የሱቋን ማስታወቂያ የሚጽፍላት እሱ ነው። አማርኛው ሲወለጋገድ እየሳቀች ታርመዋለች። ታዲያ ከየትኛው ወገን ትቆጥሯታላችሁ? ከደስተኞቹ ነው ከሰጉት?

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁጥር ስታወጡ ማን እንደተጠየቀና በምን መንገድ እንደተጠየቀ አብራችሁ ጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ