ስለ ነጭ ዓሣ ለጠየቁኝ ጥያቄ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፦

ለዓይንዎ ሕክምና አዲስ አበባ እህቴ ቤት ከገቡ ወዲህ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ባሕር ዳር ክረምቱ በርትቷል፤ ሐይቁም ደፍርሷል። ባለፈው እሑድ በስልክ «አንድ ነጭ ዓሣ ስለ ምን ይህን ያህል መልክ ኖረው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄው በችኮላ የሚመለስ ስላልመሰለኝ በጽሑፍ ላደርገው ወሰንሁ።

ልጅ ሳለሁ ከታንኳው ሲወርዱ ከንፈሩ የወፈረውን ለብቻ፣ አፉ የሰፋውን ለብቻ፣ ዓይኑ የጎላውን ለብቻ ሣር ላይ ይደረድሩት ነበር። ነጋዴው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዋጋ ይወስደው ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሊቃውንቱም ለብዙ ጊዜ እንደ ነጋዴው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሦች በሙሉ አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቅልሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ አጥንታቸውን፣ ምግባቸውንና የሚውሉበትን ስፍራ መርምረው 15 ዝርያዎችን ለዩ። የእርስዎ አደራደር ትክክል ነበር።

እንዴት ሊለያዩ ቻሉ ለሚለው መነሻው የሐይቁ ታሪክ ነው። ከወለሉ የተቆፈረው ጭቃ እንደሚያሳየው፣ ጣና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ውኃው መመለስ ሲጀምርም መካከሉ ሳይቀር፣ እርስዎ ታንኳ የሚያስሩበት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ ከወንዞቹ የገባው ዓሣ ሰፊና ባዶ ቤት አገኘ። ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን ትልልቅ አዳኝ ዓሣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለከለከለው፣ የአዳኙ ስፍራ ባለቤት አልነበረውም። የነጭ ዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ በዓለም ላይም ከዚህ ወገን ዓሣ አድኖ የሚኖር ጥቂት ነው። በጣና ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ሆኑ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የቀሩት ከፊሉ በጭቃው ካለው ትል፣ ከፊሉ ከውኃ ተክል፣ አንዱ ትንሹ ደግሞ በውኃው ላይ ከሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ይመገባል።

ሆኖም የምግብ ልዩነት ብቻውን ዝርያ አይፈጥርም፤ በመራቢያ ጊዜ ከተቀላቀሉ ልዩነቱ በልጆቻቸው ይጠፋልና። ስለዚህ ዋናው ነገር የሚራቡበት ቦታና ጊዜ ነው። ክረምት ሲገባ ሰባቱ ዝርያዎች ወደ ጉማራና ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ፤ በዚያም ቢሆን ሁሉም በአንድ ሳምንትና በአንድ ጅረት አይገናኙም። ብዙ ጊዜ አዲስ ዝርያ የሚወለደው ተራራ ወይም ባሕር ሲለያያቸው ነው ይባላል፤ በጣና ግን በአንድ ውኃ ውስጥ እየኖሩ ተለያይተዋል። በዘር ደረጃ ያላቸው ልዩነት እስካሁን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ ገና ከግንዱ ሲወጣ እያየን ነው ብዬ አምናለሁ።

ለውጥ በዝግታ አንዱን መልክ ወደ ሌላ የሚያሻግርበት መንገድ አለ፤ እንዲህ በአጭር ዘመን ከአንድ ግንድ ብዙ የሚያበቅልበትም አለ። ከዚህም ሌላ የሚደገም መንገድ አለው፦ ከንፈረ ወፍራሙ ከጣና ጋር በማይገናኘው በገናሌ ወንዝ ባሉት የዚሁ ወገን ዓሦችም መካከል ለብቻው ተገኝቷል።

አባቴ፣ ዛሬም በወንዞቹ አፍ ላይ በመራቢያ ወራቸው መረብ ይዘረጋል። እንቁላል ሊጥል የሚወጣው ዓሣ እዚያ ካለቀ ያ ዝርያ ሌላ መጠለያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣው ብዛት እጅግ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ለመራባት ወደ ወንዝ ከሚወጡት ከሰባቱ የቀሩት ስምንቱ ዝርያዎች ግን ወደ ወንዝ ሲወጡ ስላልታዩ እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንቁላላቸውን እንደሚጥሉ ይገመታል። እርስዎ ከንፈረ ወፍራሙን በክረምት በየትኛው ድንጋያማ ዳርቻ፣ በየትኛው ወር እንቁላል ሞልቶት ይይዙት እንደነበር የሚያስታውሱትን ይህን ደብዳቤ ለምታነብልዎት እህቴ ይንገሯትና ጽፋ ትላክልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከባሕር ዳር