ስለ ኮድ አሠራር ለውጡና ስለ ጥገና ክፍያው ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 2018

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ከጥቅምት ወዲህ ከደሴም ከኮምቦልቻም ሁለት ቅሬታዎች እየደጋገሙ ደርሰውናል። አንደኛው ዕቃ የምትመዘግቡበትና ደረሰኝ የምትቆርጡበት የሠራንላችሁ የኮምፒውተር ፕሮግራም የዓመቱ የጥገና ክፍያ ለምን ጨመረ የሚል ነው። ሁለተኛው ባለሙያችን ሱቃችሁ መጥቶ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጨርሰው የነበረ ሥራ አሁን ለምን ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል የሚል ነው። በዚህ ላይ «ኮዱን አሁን ማሽን ነው የሚጽፍላቸው፤ ታዲያ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚል ወሬ ተጨምሮበታል፤ ኮድ ማለት ፕሮግራሙ የተሠራበት የትዕዛዝ ጽሑፍ ነው። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን የታሰበበት ነው፤ ምክንያቱንም ልትሰሙት ይገባል።

ከወሬው ግማሹ እውነት ነው። ዕቃ ስትመዘግቡ፣ ደረሰኝ ስትቆርጡ፣ ዋጋ ስትለውጡ መረጃውን ወደ ዳታቤዝ (በሠንጠረዥ ተደርድሮ ወደሚቀመጥበት ቋት) የሚያስገባና የሚያወጣ የፕሮግራሙ ክፍል አለ። ይህን ክፍል እስከ ዓምና ድረስ መስመር በመስመር በእጃችን እንጽፈው ነበር። አሁን የሠንጠረዦቹን አወቃቀር አንብቦ ኮዱን የሚያወጣ ኮድ አመንጪ ፕሮግራም እንጠቀማለን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ በግምት የሚሠራው ነገር የለም። አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ከሰጠነው ምንጊዜም አንድ ዓይነት ኮድ ነው የሚያወጣው።

ለምን እንደቀየርን የመድኃኒት መደብር ያላችሁ ቶሎ ይገባችኋል። በዕቃ ሠንጠረዥ ላይ «የአገልግሎት ማብቂያ ቀን» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር እንበል። ኮዱ በእጅ የተጻፈ ከሆነ አምስት ቦታ መነካት አለበት፦ ዕቃውን የሚመዘግበው፣ የሚከፍተው፣ የሚያርመው፣ ከኤክሴል የሚያስገባው፣ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚያዛውረው። አራቱ ተስተካክለው የሚከፍተው ቢዘነጋ ፕሮግራሙ ትንፍሽ አይልም። ለዳታቤዙ የሚሰጠው ትዕዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚቀመጥ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ፈትሾ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው መሣሪያ፣ አይመረምረውም። ከዚያ ሠራተኛችሁ የአሞክሳሲሊን ዋጋ ለማስተካከል ዕቃውን ይከፍታል። ቀኑ ስላልተነበበ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ዋጋውን ለውጦ «አስቀምጥ» ሲል የሚያርመው ትዕዛዝ ያንን ባዶ በትክክለኛው ቀን ላይ ይጽፍበታል። ነገሩ የሚታወቀው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው።

ኮድ አመንጪው ሠንጠረዡን አንብቦ አምስቱንም ባንዴ ያወጣል። የአንድ ዓምድ ስም ከተቀየረ አሮጌውን ስም የሚጠራ ቦታ ሁሉ ፕሮግራሙ ሲገነባ እዚሁ ቢሮ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ እናንተ ጋ ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ አይደለም።

ሌላም አለ። የብረታ ብረት ነጋዴ የቱቦን ርዝመት በጫማ ሲጽፍ ከቁጥሩ ኋላ ነጠላ ጥቅስ ያደርጋል። ለዳታቤዙ በሚሰጥ ትዕዛዝ ውስጥ ጽሑፍ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚያው ምልክት ነው፤ ትዕዛዙ ቃል በቃል እየተቀጣጠለ የተጻፈ ከሆነ ያቺ ምልክት ትዕዛዙን ትሰብረውና ዕቃው አልመዘገብ ይላል። በዚያው ቀዳዳ ተንኮለኛ ሰው ሠንጠረዥ ሊያስጠፋ ይችላል። የመነጨው ኮድ የምትጽፉትን ሁሉ ከትዕዛዙ ለይቶ ስለሚልከው ይህ አይደርስም። «መሐመድ» ተብሎ የተመዘገበ ደንበኛ በደረሰኝ ላይ «????» ሆኖ የሚወጣውም አንዱ የኮዱ ጥግ የግዕዝ ፊደል በማይይዝ የመረጃ ዓይነት ሲልከው ነው። የመነጨው ኮድ ዓይነቱን ከራሱ ከሠንጠረዡ ይወስዳል።

ሦስቱ ቀን የመጣውም ከዚሁ ነው። የመነጨ ፋይል በተመነጨ ቁጥር እንደ አዲስ ይጻፋል። ባለሙያችን ሱቃችሁ ተቀምጦ እዚያ ፋይል ውስጥ «ለእኔ ብቻ» ያላችሁትን ቢጨምር በሚቀጥለው ማሻሻያ ድምጥማጡ ይጠፋል። ስለዚህ ጭማሪው መጀመሪያ በሠንጠረዡ፣ ቀጥሎ ለብቻው በተቀመጠ ፋይል ይገባል፤ ከዚያ በእናንተው ባክአፕ (መጠባበቂያ) ቅጂ ላይ ተሞክሮ ነው የሚጫነው። ጊዜውን የሚወስደው ሙከራው ነው፤ እሱን ልናሳጥረው አንፈልግም።

ታዲያ በእጅ የሚጻፍ የለም ወይ? አለ፤ ከባዱም እሱ ነው። ሠንጠረዡን የሚያስበው ሰው ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አሃዝ አለው፤ እንደ ተራ ቁጥር ከተያዘ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይረግፋሉ። አመንጪው ይህን አያውቅም፤ የሰጡትን ነው የሚያወጣው።

ሪፖርቶችንም ዛሬም በእጃችን እንጽፋለን። የወር መጨረሻ የሽያጭ ሪፖርት 3,000 ደረሰኝ ቢኖረው የመነጨው ኮድ ደረሰኞቹን በአንድ ጥያቄ ያመጣና የእያንዳንዱን ገዢ ስም ለየብቻ ይጠይቃል፤ 3,001 ጥያቄ ይሆናል። ሰርቨሩ (ዳታቤዙ ያለበት ኮምፒውተር) ኮምቦልቻ፣ ቅርንጫፉ ደሴ ፒያሳ ቢሆንና አንዱ ምልልስ 50 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ሁለት ደቂቃ ተኩል መጠበቅ ነው። ሁለቱን ሠንጠረዦች አገናኝቶ በእጅ የተጻፈ አንድ ኪውሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ያንኑ በአንድ ምልልስ ያመጣዋል። በእኛ አቆጣጠር የሚወጣ ሪፖርትም እንዲሁ ነው። የጥቅምት 2018ን ሽያጭ ለማውጣት በፈረንጅ አቆጣጠር የተቀመጠውን የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር እየለወጡ ማወዳደር ኢንዴክሱን (ረድፎችን ቶሎ ማግኛ ማውጫውን) ዋጋ ያሳጣዋል፤ ዳታቤዙ ሁሉንም ረድፍ ሲያገላብጥ ይውላል። እኛ የወሩን መነሻና መድረሻ ቀን ብቻ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንለውጣለን፦ ከኦክቶበር 11 ቀን 2025 ጀምሮ ከኖቬምበር 10 በፊት ያለውን አምጣ እንለዋለን።

ክፍያውን በተመለከተ፦ የሰርቨር ኪራይና የሶፍትዌር ፈቃድ የምንከፍለው በዶላር ሂሳብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ነጋዴ ለሆናችሁት አይነገርም። እናንተ ላይ የጨመርነው እኛ ላይ ከተጨመረው ያነሰ ነው።

ብዙዎቻችሁ ከደብተር ስትወጡ ጀምሮ አብራችሁን ናችሁ። በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተራቸው የተወሰደባቸው ደንበኞቻችንን መረጃ ከባክአፕ መልሰን ስናስረክብ ያንን እንደ ውለታ አልቆጠርነውም፤ ሥራችን ነው። «ማሽን ላይ ጥለውን ተኙ» መባሉ ግን ከብዶናል። ድካማችን ከተደጋጋሚው ኮድ ወደ ሙከራውና ወደ ሪፖርቱ ዞረ እንጂ አልቀነሰም።

ለውጥ ስትጠይቁ የምትፈልጉትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከአንድ ናሙና ደረሰኝ ጋር ላኩልን። የሚዘገይ ሪፖርት ካለ የሪፖርቱን ስም፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንዳወጣችሁትና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ንገሩን፤ ኪውሪውን በእጅ እንጽፍላችኋለን፤ ለዚህ ክፍያ የለውም። የዓመቱን ክፍያ ባንዴ መክፈል የከበዳችሁ በሦስት ጊዜ መክፈል ትችላላችሁ። ልትለቁን ያሰባችሁም ካላችሁ መረጃው የእናንተ ነውና ሙሉውን በኤክሴልም በባክአፕም እናስረክባለን። ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ቢሮ ብቅ በሉልን፤ አዲሱን አሠራር በራሳችሁ መረጃ ላይ እናሳያችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት