ለሚሚ፣ ከቅዳሜው ውድድር በፊት

ሚሚዬ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደወለ። እሱን እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ አውጣጥቼ የጠየቅኩት። የክለባችሁን የሃንተርና የጃምፐር የፈረስ ዝላይ ውድድር የምታዘጋጂው አንቺ መሆንሽን ሲነግረኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ለእናትሽም ከሳሎን ሆኜ ጮኼ ነገርኳት። ያቺ ፖኒዋ ላይ ለመውጣት ባልዲ ገልብጣ ትቆም የነበረች ልጅ ዛሬ ዳኛ ትጠራለች፣ ፕሮግራም ታወጣለች አልኳት። ከዚያ ወንድምሽ ቀጠለ። "እሷም ትጋልባለች፣ ፈረሷን ማርን ይዛ ሁለት ክላስ፣ ሁለት የውድድር ምድብ፣ ተመዝግባለች" አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ዝም አልኩ።

ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልበለው። ኋላም እደግመዋለሁ፣ አትሰልቺ። ወይ አዘጋጂ፣ ወይ ጋልቢ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትያዢ።

"አባዬ፣ ትንንሽ ውድድር ላይ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው" ትዪኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ ያደርጋሉ። አስር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የፈረስ ተጎታች እየጎተትኩ ስወስድሽ አይቻለሁ። ጠዋት መዝገብ ይዛ ስትሯሯጥ የነበረች ሴት ከሰዓት ኮርቻ ላይ ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። እኔ ግን የሆነበትን ቀን አውቃለሁ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ልጠይቅሽ። ቅጾቹ ላይ የባለቤት፣ የአሰልጣኝና የጋላቢ ፊርማ ሦስቱም አሉ? ከ18 ዓመት በታች የሆነች ጋላቢ ካለች የወላጅ ፊርማ ሳታዪ ቁጥሯን አትስጪ። ጠዋት በር ላይ እናስፈርማለን እንዳትሉ። ጠዋት በር ላይ አባትየው ፈረስ እያወረደ ነው፣ ለእስክሪብቶ እጅ የለውም። እኔን አስታውሺኝ።

የኮጊንስ የደም ምርመራ ወረቀት የሌለው ፈረስ ከተጎታቹ እንዳይወርድ። ያ ምርመራ የሚፈልገው በሽታ፣ ተላላፊው የፈረስ የደም ማነስ፣ መድኃኒት የለውም፣ ትልልቅ ዝንቦች ናቸው ከፈረስ ፈረስ የሚያደርሱት፣ በዚህ ወቅት ደግሞ ዝንቡን አንቺው ታውቂዋለሽ። የኢንፍሉዌንዛና የሄርፐስ ክትባትም ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተሰጠ መሆኑን ወረቀቱን ጠይቂ። ይሄ የአሜሪካ ፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ነው። የእናንተ ውድድር ፌዴሬሽኑ ዘንድ ያልተመዘገበ የልምምድ ውድድር ስለሆነ አይመለከተንም አትበይ። ሰው ቅር ይለዋል ብለሽም አትፍሪ። አንድ ጋጣ ሙሉ ፈረስ ከሚታመም አንድ ሰው ቢቀየምሽ ይሻላል።

የሕክምና ባለሙያው ግቢ ውስጥ ሳይደርስ የመጀመሪያው ፈረስ እንዳይዘል። "መንገድ ላይ ነኝ ብሏል" አይበቃም። የእንስሳት ሐኪሙንና የናል መቺውን ስልክ በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊ። በስልኬ ይዤዋለሁ አትበይኝ፣ ያንቺ ስልክ ከቀትር በኋላ በርቶ አይቼ አላውቅም።

ሃንተሩን ጠዋት አድርጊው። ሜዳው ገና ጸጥ ያለ ነው፣ አሸዋውም በፈረስ እግር አልተረገጠም፣ ሃንተር ደግሞ የሚያምረው በጸጥታ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ እናትሽ የሃንተር ክላስ ስታይ "ምንም አልጣለችም እኮ፣ ለምን አራተኛ ሆነች?" ብላ የተቆጣችውን ታስታውሺያለሽ? ሰዓት የለም፣ ዳኛው የሚያየው ፈረሱ እንዴት እንደሚሄድ ነው፣ እኩል ነው ወይ፣ ልቡ ረግቷል ወይ፣ ሲዘል ጉልበቱን እንዴት ያጥፋል። ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ጃምፐር ሲሆን ግን ሂሳቡ ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው። የጣልሽው መሰናክል 4 የቅጣት ነጥብ ነው፣ ፈረሱ መጀመሪያ እምቢ ሲልም 4 ነው፣ ከወደቅሽ ወጥተሻል። እናትሽ ጃምፐርን የወደደችው ለዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ጋላቢ ከገባ እስከ ወጣ ሁለት ደቂቃ ያዢ። 30 ተመዝጋቢ ካለሽ አንድ ሰዓት ማለት ነው፣ በዚያ ላይ መሰናክል የምትቀይሩበትን ጨምሪ፣ አሸዋውን የምታርሱበትንና ውሃ የምታጠጡበትን ጨምሪ። ፕሮግራሙን ስትሠሪ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ይሄዳል ብለሽ ሠርተሽዋል፣ አንቺን አውቅሻለሁ። አንድ ሰው ቁጥሩን ያጣል። አንድ ሰው ሁለት ፈረስ ይዞ ኮርቻ ይቀይራል። ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ታለቅሳለች። እና አንቺ የዚያን ጊዜ የት ነሽ? ማር ላይ ነሽ። ወይ አዘጋጂ፣ ወይ ጋልቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ማሟሟቂያው ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ሰው አቁሚ። ቀዩ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጩ በግራ፣ ማንም በተቃራኒው እንዳይዘል።

በመሰናክሎቹ መካከል ያሉትን ርቀቶች ራስሽ ለኪ። ያን ጓሮ ውስጥ ያስተማርኩሽን እርምጃ አልረሳሽውም አይደል? አንድ እርምጃ 3 ጫማ። አራት እርምጃ የፈረስ አንድ ስትራይድ፣ ማለት ሲጋልብ አንድ እርምጃው፣ 12 ጫማ። ሁለት እርምጃ ለማረፊያ፣ ሁለት እርምጃ ለመነሻ። በአራት ስትራይድ የሚሄድ መስመር 60 ጫማ ይሆናል። እግርሽ ገና አጭር ስለነበር 3 ጫማ ለመድረስ ትዘይ ነበር፣ ምላስሽን አውጥተሽ። እኔ ራሴ ፈረስ ላይ ወጥቼ የማላውቅ ሰው ከመጽሐፍ አንብቤ ነው ያስተማርኩሽ። ማታ ማታ ደግሞ የስኖውማንን ታሪክ ድገምልኝ ትዪኝ ነበር። በ1956 ወደ እርድ ሊወሰድ ከተጫነበት መኪና በ80 ዶላር የተገዛው ያ የእርሻ ፈረስ፣ ለጎረቤት ሲሸጥ አጥሩን ሁሉ እየዘለለ ወደ ጌታው የተመለሰው። "ስንት አጥር ዘለለ?" ትዪኛለሽ፣ እኔ በየቀኑ ቁጥሩን እጨምርልሽ ነበር። አምባላዩን ፖኒሽን በረዶ ያልሽው በእሱ ነው።

እንግዲህ ስለ በረዶ ካነሳሁ ልንገርሽ። ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

በረዶን የተሰናበትሽበት ዓመት ነበር፣ 12 ዓመትሽ ነው። ሳሎን የተሰቀለው ሰማያዊ የአንደኝነት ሪባን የዚያን ቀን ነው። ሁለት ጉንጉን የምትሠራው፣ ካንቺ ሁለት ዓመት የምትበልጠው፣ ዳማ ፈረስ የነበራት ልጅ የወደቀችበት ቀን። እስከ ዛሬ የምታውቂው ፈረሱ እንደተሳሳተ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያልነው። ፈረሱ አልተሳሳተም።

የዚያን ቀን ሜዳ ውስጥ ሆኖ የወደቀ የመሰናክል አግዳሚ የሚያነሳ ሰው አጡና ወላጆችን ለመኑ። እኔ እሺ አልኩ። ግን አንገቴ ላይ ካሜራም ነበር፣ አንቺን ልቀርጽ። ከዚያች ልጅ በፊት የገባው ጋላቢ የመጨረሻውን ኦክሰር፣ ያን ፊትና ኋላ አግዳሚ ያለውን መሰናክል፣ የኋላ አግዳሚ ጣለ። አግዳሚው ያረፈበት መያዣ፣ ሴፍቲ ካፕ የሚሉት፣ አብሮ ወድቆ አሸዋ ውስጥ ገባ። እንዲወድቅ ነው የተሠራው። ፈረስ ከላይ ካረፈበት ይለቅቃል፣ አግዳሚው ይወርዳል፣ የፈረሱ እግር አይያዝም። በትልልቆቹ ውድድሮች የኦክሰር የኋላ አግዳሚ በዚህ ካልሆነ አይቀመጥም። ጎንበስ ብዬ ብፈልገው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር። ቀና ስል አንቺ በሩ ላይ ደርሰሻል። ከልጅቷ ቀጥሎ ተረኛዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ደግሞ ካሜራውን አላበራሁም። ከቋሚው ሥር ተራ የብረት ካፕ ተቀምጦ ነበር፣ ያ ጎድጓዳው። እሱን ሰካሁ፣ አግዳሚውን ጫንኩበት፣ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

ዳማው ትንሽ ራቅ ብሎ ተነሳና የፊት እግሩ የኋላው አግዳሚ ላይ አረፈ። አግዳሚው አልወረደም። ፈረሱ በጉልበቱ ሄዶ በጎኑ ተጋደመ፣ ቋሚውም ተከትሎ ተገነደሰ፣ ልጅቷ ከፊት ለፊት ተወርውራ ትከሻዋ ጋ ያለው አጥንት ተሰበረ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ካፑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሴፍቲ ካፑን ከአሸዋው አውጥቼ በቦታው መለስኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ልጅቷ የዞርኩት።

ማንም አልጠየቀኝም። እናቷ እንዲያውም ውሃ ስላቀበልኳት አመሰገነችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንቺ ገባሽ፣ ምንም ሳትጥዪ ወጣሽ። ቀረጽኩሽ። ቪዲዮው ላይ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ እናትሽ "አባትሽ በደስታ እጁ ተንቀጥቅጦ" እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ካፑ ጋራዥ ውስጥ የሚስማሩ ቆርቆሮ ሥር ነው። ሳሎን ስገባ ለምን ያን ሪባን ጀርባ ሰጥቼ እንደምቀመጥ አንዴ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ወንበሩ ይመቸኛል አልኩሽ።

እኔ ደንቡን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ያንኑ ካፕ ለአንድ ሌላ አባት አስረድቻለሁ። ልቤ ግን በሩ ላይ ነበር፣ አንቺ ጋ። ቅዳሜ ያንቺም ልብ ማር ጋ ነው የሚሆነው። አንድ ሰው መጥቶ "ሚሚ፣ ሴፍቲ ካፕ አነሰን፣ ምን እናድርግ?" ይልሻል፣ አንቺ ደግሞ ከሦስት ጋላቢ በኋላ ተረኛ ነሽ፣ ሄልሜትሽን እያሰርሽ ነው። ምን እንደምትመልሺለት እኔ አውቃለሁ። እኔ ለራሴ መልሼዋለሁ።

ሄልሜት ካልኩ አይቀር፣ ማክሰኞ ወድቀሽ እንደነበርም ሰምቻለሁ። ደህና ነኝ ብለሽ ተመልሰሽ ወጥተሻል አሉ። መሬት የመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ባይታይበትም ከውስጥ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ ጊዜ አያድንሽም። ጣይው። ጣይው ማለቴ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው አይደለም። አዲስ ግዢ፣ እከፍላለሁ። ራስ ምታት ካለሽ፣ ብርሃን ካስጠላሽ፣ ነገሮች ከጠፉብሽ ሐኪም ሳያይሽ ፈረስ አጠገብ እንዳትደርሺ። ደብቀሽኝ ከሆነ በጣም ነው የምቀየምሽ፣ ሆዴ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። ዛሬ ስምሽን ከሁለቱም ክላስ አውጪ። ማርን የምትጋልብ ሰው ካለች ስጫት፣ ከሌለች ጋጣዋ ውስጥ ድርቆሿን ትብላ፣ አንድ ቅዳሜ አይጎዳትም። እጅግ ካሰኘሽና መጋለብ አለብኝ ካልሽ ደግሞ አዘጋጅነቱን ዛሬውኑ ለሌላ ሰው ሙሉ በሙሉ አስረክቢ፣ ያን ቀን የማንንም ጥያቄ አትመልሺ። ወይ አዘጋጂ፣ ወይ ጋልቢ፣ ሚሚዬ። ሜዳ ውስጥ አግዳሚ የሚያነሱት ልጆችም እንዲሁ ይሁኑ። ተወዳዳሪ የሆነ፣ እህቱ የምትወዳደር፣ ልጁን የሚቀርጽ አባት፣ አንዳቸውም እንዳይገቡ። ስልካቸውን ተቀበዪያቸው።

ካፖቹን አርብ ቀን ቁጠሪ። ለእያንዳንዱ ኦክሰር ሁለት ሴፍቲ ካፕ፣ ለማሟሟቂያውም ጭምር፣ በዚያ ላይ ትርፍ አንድ ባልዲ መሐል ሜዳ ይቀመጥ፣ ማንም አሸዋ ውስጥ እንዳይፈልግ። ካልበቃሽ ኦክሰሩን አፍርሰሽ ቨርቲካል፣ የኋላ አግዳሚ የሌለው፣ አድርጊው። ተመዝጋቢ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

አርብ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ እነዳለሁ፣ ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ እደርሳለሁ። ሁለት የእጅ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ባትተኚ ነው ደስ የሚለኝ፣ አንድ በአንድ አብረን እየዞርን እናያቸዋለን። እናትሽ ቅዳሜ ጠዋት ከወንድምሽ ጋር ትመጣለች። ይሄን ያልኩሽን እኔው ነኝ የምነግራት፣ አንቺ አትቅደሚኝ።

እና ያቺ ባለ ሁለት ጉንጉኗ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ባለፈው ከእሷ ጋር እንደምትጻጻፉ ነግረሽኝ ነበር። አባቴ ሊያናግርሽ ይፈልጋል በያትና ፈቃዷን ጠይቂልኝ። እሺ ካለች ስልኳን ላኪልኝ። ከአርብ በፊት ይሁን።

አባትሽ