ደርቢውን ከማሙሽ ጋር ሲያዩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው አባባ? የሱሉልታ ብርድ ጉልበትዎን እንደማይምር አውቃለሁና ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ እንዳይቀመጡ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እርስዎና ማሙሽ የአዲስ አበባዎቹን ክለቦች፣ የጊዮርጊስንና የቡናን ደርቢ አብራችሁ ልታዩ ነው። እርስዎ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነዎትና ማሙሽ የቡናን ማሊያ ለብሶ ቤት ቢገባ ጊዜ ክፉኛ እንዳዘኑ እታለም ነገረችኝ። አባባ፣ ልጁ ቡናን ይደግፍ። ይህን የምለው እሱን ለማባበል አይደለም። ጊዮርጊስ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ፊቱ በቆመው ቡድን ልክ ስለሆነ ነው። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ያሸነፈበትን 10,000 ሜትር ያስቡት። ኃይሌ 27፡18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27፡18.29። በመካከላቸው ያለው ዘጠኝ መቶኛ ሴኮንድ ነው። ቴርጋትን ከዚያ ሩጫ ቢያወጡት ምን የሚወራ ነገር ይቀራል? ደራርቱም በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ ሜዳውን የዞረችው ተከትላት ከገባችው ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ነው።

ቡናም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም.፣ ቡና በ1968 ዓ.ም. መመሥረታቸውን ይዘው «ትናንት የመጣ ክለብ» ይላሉ። ግን የካይሮውን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያሰናበተ የኢትዮጵያ ክለብ ቡና ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። ማሙሽ ይህን ከእርስዎ አፍ ቢሰማ፣ እርስዎ ደግሞ ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ምድብ ድልድል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ መሆኑን ሲነግሩት ጆሮውን ይሰጥዎታል።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ። ኳሷን ብቻ የሚከተል ሰው የሚያየው የራሱን ቡድን ነው፤ ተጋጣሚውን አያይም። ስለዚህ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ኳሷን ትተው ቡናዎችን ይመልከቱ። መጀመሪያ የተከላካይ አማካያቸውን ይያዙ፤ ኳስ ሊቀበል ወደ ኋላ ሲወርድ በሁለቱ መሐል ተከላካዮች መካከል ይገባል ወይስ ከፊታቸው ይቆማል? ቀጥሎ ሁለቱን የመስመር ተከላካዮች፤ ሁለቱም አብረው ወደፊት ከወጡ ኳስ በተነጠቁ ቁጥር ከኋላቸው ክፍት ቦታ ይኖራል፣ ጊዮርጊስም መልሶ ማጥቃት የሚያገኘው እዚያ ነው። የማዕዘን ምታቸው ወደ ቅርቡ ቋሚ እንደሚሄድ ወይም ወደ ሩቁ ማሙሽ በወረቀት ይመዝግብ፤ ከእረፍት በፊት መልኩ ይታያችኋል።

የቡና በረኛ ለተከላካዩ አጭር ኳስ ሲሰጥ «ጎላቸው ሥር ይጫወታሉ» ብለው መናደድዎ አይቀርም። ምክንያት አለው። የጊዮርጊስ አጥቂዎች ለመንጠቅ ወደፊት በወጡ ቁጥር አማካዩ ሜዳ ይሳሳል፣ ቡናዎች የሚፈልጉትም ያንን ክፍተት ነው። የሚበላሸው ኳስ ተቀባዩ ፊቱን ወደ ራሱ ጎል አዙሮ ሲቀበል፣ ወይም ሦስተኛው ሰው ለቅብብሉ ሳይቀርብ ሲቀር ነው። ከጫናው ወጥተው መሐል ሜዳ ሲደርሱ ያኔ ያጨብጭቡላቸው፤ ከባድ ሥራ ነው የሠሩት።

ሕጉም እርስዎ ከሚያውቁት ተለውጧል፤ ዳኛ የሚሰደበው ብዙ ጊዜ በዚህ ሳቢያ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመልስ ምት ከ16 ከ50 (ከፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ) የግድ መውጣት አያስፈልገውም፤ ተከላካዩ እዚያው ውስጥ ቢቀበል «ይደገም» አይባልም። በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ የሚቆየው ቀድሞ 6 ሴኮንድ ነበር፣ ቅጣቱም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 8 ሴኮንድ ሆኖ፣ ካለፈ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው እጁን አንሥቶ የመጨረሻዎቹን 5 ሴኮንዶች ይቆጥራል። ከጨዋታ ውጪ ደግሞ የሚታየው ኳሷ ከአቀባዩ እግር ስትነሣ እንጂ አጥቂው ሲቀበላት አይደለም። ፈጣን አጥቂ በዚያች ቅጽበት ከተከላካዩ እኩል ከነበረ፣ ሲቀበል ሦስት ሜትር ቢቀድምም ትክክል ነው። በእጅ ውርወራ፣ በመልስ ምትና በማዕዘን ምት ከጨዋታ ውጪ የለም። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ሳያነሣ ሲቀር ከመጮህዎ በፊት ድጋሚውን ይጠብቁ፤ ዓይንዎን አቀባዩ እግር ላይ ያድርጉ።

ሰው ሲጎዳ ኳስ ወደ ውጪ መምታት በሕግ የተጻፈ ግዴታ አይደለም፤ ተጋጣሚው ኳሷን መመለሱም እንዲሁ። የሚያደርገውን ተጫዋች የየትኛውም ቡድን ቢሆን ለማሙሽ ያሳዩት። ፓኦሎ ዲ ካኒዮ በ2000 እ.ኤ.አ. ለዌስትሃም ሲጫወት የኤቨርተን በረኛ ተጎድቶ ወድቆ ሳለ ወደ ግብ መምታት የሚችለውን ኳስ በእጁ ያዘው። ፊፋ ሸልሞታል። እንዲህ ያለውን ለልጅ መንገር ሺህ ጊዜ ከመምከር ይበልጣል።

ምስጋናም ጊዜ አለው። ጊዮርጊስ 3 ለ 0 ከመራ በኋላ «ጥሩ ተጫውታችኋል» ቢሉት ልጁ እንዳላገጡበት ነው የሚቆጥረው። ውጤቱ ገና ሳይለይ፣ ሰውየውንና ሥራውን ጠርተው ይናገሩ፤ «ይሄ 8 ቁጥር ሳያይ አላቀበለም» ይበሉት። ቡና ካሸነፈ ደግሞ መጀመሪያ እጁን ጨብጠው እንኳን ደስ ያለህ ይበሉ፤ ስለ ዳኛው ማማረር ካለብዎ ለነገ ያቆዩት።

ከሠፈር ዲኤስቲቪ ቤት ከሆነ የምታዩት ከበር ራቅ ብላችሁ ግድግዳ ተጠግታችሁ ተቀመጡ። ጠብ የሚነሣው ጎል ሲገባ ሳይሆን ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ በአንድ በር ሲጋፋ ነውና አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ውጡ። ውርርድ የያዘ ሰው አጠገብ አትቀመጡ፤ የሚጮኸው ለክለብ ሳይሆን ለገንዘቡ ስለሆነ በቃል አይበርድም። ማሙሽ ከማሊያው ላይ ጃኬት ይደርብ። ዘፈኑ ውስጥ የሰው እናት፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት ከገባ ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ የራሳችሁ ቡድን ዘፈንም ቢሆን።

በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ጥላ ፎቅ በሚባሉት መቀመጫዎች የነበረውን የድሮውን ድጋፍ እርስዎ ያውቁታል፤ ለልጁ ያጫውቱት። በጃንዋሪ 2013 እ.ኤ.አ. የጊዮርጊሱ አዳነ ግርማ በአፍሪካ ዋንጫ ለኢትዮጵያ ዛምቢያ ላይ ያገባውን ጎልም አይርሱ፣ ያኔ የቡና ደጋፊም ዘሏል።

ማሙሽን ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡስ ላይ አሳፍረዋለሁ፤ እርሳሱንና ደብተሩን ይዞ ይመጣል። የዓይን መነጽርዎ መስታወት ከተቀየረ ወሬውን ይላኩብኝ፣ ካልተቀየረም ሂሳቡን እኔ እልካለሁ። እማማንና ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ