ጅግራው አይሮፕላን፦ የሞዴል ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«መጫወቻ ነው የምትሠሩት?» ዘንድሮ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። በመምህራን ማረፊያ ተጠይቄያለሁ። በወላጆች ቀንም ተጠይቄያለሁ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቆሜ ስመልስ ሁሌ ደወል ስለሚቀድመኝ፣ እዚህ ተቀምጬ ልመልስ።

የምንሠራው ስኬል ሞዴል ነው። እውነተኛ አይሮፕላን፣ ልኩ 72 ጊዜ ተቀንሶ፣ ቅርጹ ሳይዛነፍ። ፊያት ሲ.አር.42 የሚባለው የጣሊያን ተዋጊ አይሮፕላን ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 9 ሜትር ከ70 ነበር። እኛ ጠረጴዛ ላይ 13 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይመጣል። ይህን ያሰሉት ልጆቹ ናቸው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ሬሾ» ሲባል የሚያዛጉት እነዚያው ልጆች።

ክበቡ 19 አባላት ነበሩት። ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከላብራቶሪው ጀርባ ባለችው ክፍል ተገናኝተናል። መስከረምና ጥቅምት በምዝገባ፣ በመቁረጥና በማጣበቅ አለፉ። መቁረጫችን የጥፍር መቁረጫ ነው፤ ማለስለሻችን የብርጭቆ ወረቀት። ጥር ላይ በፈተና ምክንያት አራት ሳምንት አልተገናኘንም። ስለ ስብሰባዎቹ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቃለ ጉባኤው አለ፤ የፈለገ ያየዋል።

ዘንድሮ የሠራነው ሁለት አይሮፕላን ነው፤ ፊያቱንና ግሎስተር ግላዲያተር የሚባለውን የእንግሊዝ ተዋጊ። ኪቶቹን፣ ማለትም ገና ያልተገጣጠሙትን የሞዴል ክፍሎች፣ የላከልን ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥቶ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሰው ሲመጣ በሻንጣ አስይዞ። እግዜር ይስጠው።

እነዚህን ሁለቱን የመረጥነው በእኛው በጎንደር ሰማይ ላይ ስለተታኮሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጄኔራል ናሲ ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አብራሪ በግላዲያተር እየበረረ አንድ ሲ.አር.42 በጎንደር አካባቢ መትቶ ጣለ። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ላይ ድል ይኸው ነበር። ልጆቻችን በየቀኑ በእግራቸው በሚረግጡት አገር ላይ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ግማሾቹ አላመኑኝም።

ጭቅጭቁ የመጣው ፊያቱን ማን ይሥራ ሲባል ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጁን አጣምሮ «ቲቸር፣ እኔ የጠላት አይሮፕላን አላሳምርም» አለ። አልተቆጣሁትም። በ1928ቱ ጦርነት ከአይሮፕላን የመርዝ ጋዝ የዘነበበት አገር ልጅ ይህን ቢል ምን ይፈረድበታል? ክፍሉ ጸጥ አለ።

ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ተናገረች። ከመስከረም ጀምሮ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿን ሰምተነው አናውቅም ነበር። «ቅድመ አያቴ አይሮፕላን የሚያውቁት በድምፁ ነበር ትል ነበር አሉ» አለች። «ቀና ብለው ቢፈልጉት አያገኙትም። እኔ ለምን እንዳላዩት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፊያቱ የእሷ ሆነ። እጁን ያጣመረው ልጅ ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የዓመቱ ረዳቷ እሱ ነው።

ካሞፍላጅ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቆቅ ሣር ውስጥ ስትተኛ ልትረግጣት ትደርሳለህ፣ አታያትም። አይሮፕላን ግን ሁለት ዓይነት ተመልካች አለበት፤ ከታችም ከላይም። ስለዚህ የፊያቱ ሆድ ግራጫ ነው፤ ከታች ለሚያየው ከሰማይ ጋር እንዲቀላቀል። ጀርባው የአሸዋ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴና ቡናማ ነቁጥ አለበት፤ ከላይ ለሚያየው ቁጥቋጦ የበቀለበት ደረቅ መሬት እንዲመስል። ጣሊያኖቹ ያወጡለት ስም ፋልኮ ነው፤ ጭልፊት እንደማለት። ልጆቹ ጀርባውን አይተው «ይሄማ ጅግራ ነው» አሉ። ዶሮ ቢሆን ጅግራማ ይባል ነበር እኮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፊያት» ብሎ የጠራው ሰው የለም።

ግላዲያተሩ ነቁጥ የለውም። ጥቁር አረንጓዴና የአፈር ቡናማ ሰፋፊ ሆነው እንደ ወንዝ ይጠማዘዙበታል። እንግሊዞቹ እንዲህ ባለ ድርብ ክንፍ ላይ አንድ ብልሃት ነበራቸው። የላይኛው ክንፍ ጥላ በታችኛው ላይ ያርፋል። ስለዚህ የታችኛውን በፈዘዝ ያለ አረንጓዴና በፈዘዝ ያለ ቡናማ ይቀቡታል፤ የቀረውን ጥላው ራሱ ያጠቁረዋል። ይህን ስነግራቸው አንዱ ልጅ ደብተሩን ከጠረጴዛው በላይ ይዞ ጥላውን ሲለካ አየሁት።

አሁን ወደ ችግሩ። ነቁጥ በብሩሽ አይሆንም። ጠርዙ ስለት ይሆናል፤ አይሮፕላኑ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። የሚሆነው በኤርብራሽ ነው። እስክሪብቶ የምታህል መርጫ ነች፤ ቀለሙን እንደ ጉም ታወጣዋለች። ቁልፏን ወደ ታች ስትጫን አየር፣ ወደ ኋላ ስትስብ ቀለም ይመጣል። መርጫዋ ከኪቶቹ ጋር መጣችልን። አየር የሚሰጣት ኮምፕሬሰር ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። እዚህ ዋጋውን ጠየቅንና ዝም ብለን ተመለስን።

ያዳነን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ሞተር በነፃ ሰጠን። የፍሪጅ ሞተር አየር ይገፋል፤ ግን ትር ትር እያለ ነው፣ ዘይትም አብሮ ይተፋል። መሃል ላይ ማጣሪያና አንድ ስኮርታ ጎማ አስገባን። ሞተሩ ጎማውን ይሞላል፤ ጎማው መርጫዋን ይመግባል። አየሩ እንደ ወተት ለስላሳ ሆነ። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ሰምተው ስለ ግፊት የሚያስተምሩበትን አንድ ክፍለ ጊዜ እኛ ክፍል አደረጉት። «መጫወቻ» ለሚለን ሰው ይህንንም እጨምርለታለሁ።

ቀጥሎ ልምምድ ነው። ቀለሙ ወተት እስኪመስል መቅጠን አለበት። ከወፈረ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ በበጋው አየራችን ደግሞ ቶሎ ነው። ከመጠን በላይ ከቀጠነ አየሩ ይበትነውና የሸረሪት እግር ይሠራል። ለነቁጥ ግፊቱ አንድ ባር ገደማ፣ ርቀቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ አለቀ። ሁለት ሳምንት በአሮጌ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነቁጥ ስንረጭ ቆየን። ከዚያ በፕላስቲክ ማንኪያ ላይ። የማንኪያ ጀርባ እንደ አይሮፕላን ሆድ ክብ ስለሆነ ለሙከራ ይመቻል።

ልጅቱ ግን ደስ አላላትም። አረንጓዴው መመሪያው ላይ ያለው ትክክለኛ አረንጓዴ ነው። ቡናማውም ትክክል ነው። «ጠቆረ» ትላለች። «ትክክል ነው» እላታለሁ። «እሺ ቲቸር፣ ግን ጠቆረ።» ሦስት ረቡዕ እንዲህ ተባባልን።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎሃ ተራራ ወጣን። በእግር ነው የሄድነው፤ ለትራንስፖርት ማንንም አላስቸገርንም። ልጆቹ ቆሎና ውሃ ይዘዋል። እኔ ዓላማዬ ቀላል ነበር፤ መሬትን ከላይ ይዩት ብዬ ነው። ከጎሃ ላይ ከተማው እግርህ ሥር ነው። የፋሲል ግንብ፣ የቆርቆሮው ክዳን፣ ከዚያ ወዲያ ማሳው። ጤፉ ቢጫ ሆኗል። የታጨደው ቦታ ገርጥቷል። በየድንበሩ ቁጥቋጦ ጣል ጣል ብሏል። አንዱ ልጅ «ጅግራው ይኸው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ቢጫ ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነቁጥ፣ እስከ ተራራው ድረስ።

ሁሉም ፎቶ ሲነሱ እሷን ፈለግኋት። ጠርዙ ላይ ብቻዋን ቆማለች። አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። እጇን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ማንኪያ ይዛለች፤ ያንን ቀለም የሞከርንበትን ማንኪያ። አንዴ ማንኪያውን ታያለች፣ አንዴ ማዶ ያለውን ዛፍ። ጠጋ አልኩ።

«ቲቸር፣ ሩቅ ያለው ዛፍ አረንጓዴ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ግራጫ ነገር ገብቶበታል። ቅርቡ ነው አረንጓዴ።» ትንሽ ዝም አለች። «የኛ አይሮፕላን ትንሽ የሆነው ሩቅ ስለሆነ ነው አይደል? ታዲያ ቀለሙም ሩቅ መሆን አለበት።»

ሞዴል ሠሪዎች ይህን ያውቁታል። እውነተኛው ቀለም በትንሽ ሞዴል ላይ ጠቁሮ ስለሚታይ ትንሽ ነጭ ወይም ግራጫ ይጨምሩበታል። እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ለክፍሉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ረስቼው ነበር። ይህች ልጅ ከማንም ሳትሰማ፣ በአንድ የፕላስቲክ ማንኪያና በገዛ ዓይኗ አገኘችው። በክፍሏ ደረጃዋ ከመጨረሻዎቹ ነው። 15 ዓመት አስተምሬያለሁ። ዞር ብዬ ወደ ከተማው ማየት ነበረብኝ፤ ፊቴን ልጆቹ እንዳያዩት።

ሰኞ ዕለት ለአሥር ጠብታ አረንጓዴ ሁለት ጠብታ ነጭና አንድ ጠብታ ግራጫ ቀላቀለች። ማንኪያውን ከመስኮቱ አጠገብ አቆመችው። «አሁን ራቀ» አለች።

የተቀባበት ቀን ረቡዕ ነው። የላይኛው ክንፍ ለብቻው ነው የሚቀባው፤ ከተገጠመ በኋላ መርጫዋ ከሥሩ አትገባም። ቢጫው ቀድሞ ደርቋል። ልጅቱ አረንጓዴውን ከቀኝ ጀመረች። ጫን፣ ትንሽ ሳብ፣ ልቀቅ። እያንዳንዱ ነቁጥ ጤፍ ላይ እንደወደቀ ጥላ ጠርዙ ሳይታወቅ ያልቃል። ግራውን ክንፍ አጋምሳ ሳለ መብራት ጠፋ። ሞተሩ ጭጭ አለ። ሁላችንም «ውይ!» አልን፤ የቀረውን ሌላ ቀን ብትቀባው ቅልቅሉ አንድ አይሆንም። ረዳቷ ጎማውን በእጁ መታ መታ አደረገና «አየር አለው፣ ቀጥይ!» አላት። በጎማው ውስጥ በቀረው አየር፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ክንፉን ጨረሰችው። መጨረሻው ነቁጥ ላይ አየሩ እየደከመ ስለነበር ትንሽ ፈዘዝ ብሏል። ሞዴሉን ያየ ሰው በግራው ክንፍ ጫፍ ላይ ያገኘዋል። እንዳታስተካክለው የለመንኳት እኔ ነኝ።

ግላዲያተሩ ይህን ያህል አልቀናንም፤ ልደብቀው አልፈልግም። ቀለሙ ጥሩ ወጥቷል። ጠርዙ እንዲለዝብ የስንዴ ሊጥ እንደ ገመድ አድበልብለን በመስመሩ ላይ አስቀምጠን ረጨን፤ ሠራልን። ግን የአብራሪውን መስታወት በሱፐር ግሉ አጣበቅነው። የሱፐር ግሉ ትነት ደግሞ ጥርት ያለ ፕላስቲክን ያነጣዋል። በማግስቱ መስታወቱ ጉም ለብሶ አገኘነው። አንድ ጎማውም ጠፋ። ቁም ሣጥናችን ቁልፍ የለውም፤ ክፍሏን ደግሞ ከሌሎች ጋር ነው የምንጠቀምባት። ሦስት ልጆች በሁለተኛው ሴሚስተር ክበቡን ለቀዋል።

በሰኔው የክበባት ቀን ሁለቱን አይሮፕላኖች መስታወት ላይ አቆምናቸው፤ ሆዳቸውም እንዲታይ። ለእንግዶቹ ያስረዳው እጁን አጣምሮ የነበረው ልጅ ነው። «ይኼ የጠላት ነው» እያለ ጀመረ። ከዚያ ቢጫው ለምን ቢጫ እንደሆነ፣ ሆዱ ለምን ግራጫ እንደሆነ፣ አብራሪው የት ይቀመጥ እንደነበር ሲናገር ሰዉ አልሄድ አለ። ልጅቱ ከጎኑ ቆማለች። ስለ ቀለሙ ሲጠየቅ «እሷን ጠይቁ» ይል ነበር። እሷም መለሰች። ድምጿ እስከ በሩ ይሰማ ነበር።

አሁን ስለ ገንዘብ። ለስፖርት ክበቡ ማሊያ ሲገዛ አጨብጭበናል፤ ይገባቸዋል። የእኛ የዓመት በጀት ግን የአንድ ኳስ ዋጋ አልደረሰም። ብልቃጥ ቀለም ሲያልቅ ከኪሴ ገዝቻለሁ፤ ቅሬታ የለኝም፣ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ የልጆቹ ሳንባ ነው። መስኮት ከፍተን፣ የኮቪድ ጊዜ ማስክ አድርገን ነው የምንረጨው፤ ያ ማስክ ለቀለም ጉም አይበቃም። ወተመህ (የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት) በሚቀጥለው ስብሰባው ማጣሪያ ያላቸው አራት ማስኮች፣ አንድ ተጨማሪ ኤርብራሽና ለቁም ሣጥናችን አንድ ቁልፍ እንዲያስብልን በክበቡ ስም እጠይቃለሁ። ሌላ ምንም አልጠየቅንም።

ለመጪው ዓመት ልጆቹ የመረጡት ፀሐይን ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ እዚሁ አገር ውስጥ የተሠራችውን፣ ጣሊያን ተወስዳ ኖራ በ2016 ዓ.ም. የተመለሰችውን አይሮፕላን። ኪት ስላላገኘንላት ከእንጨት እንቀርጻታለን። አናጢ የሆነ ወላጅ አንድ ሁለት ረቡዕ ቢያግዘን ውለታው ትልቅ ነው። የፍሪጅ ሞተራችንም እየደከመ ነው። ቤቱ የተበላሸ ፍሪጅ ያለው ሰው እባካችሁ አይጣልብን፤ ሞተሩ ብቻ ይበቃናል። ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያ ረቡዕ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከላብራቶሪው ጀርባ እንገኛለን።