ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ሬዲዮው ይጠይቅ፣ ልጆቹ ይመልሱ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

መምህርም መጽሐፍም በበቂ ሁኔታ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች ትምህርት በሬዲዮ እንዲሰጥ ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ኢንተርኔት እስኪዳረስ እንጠብቅ የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። የሰባት ዓመት ልጅ ዘንድሮ ካልተማረ መቼ ሊማር ነው? ሬዲዮ በባትሪ ይሠራል። አንዱ ለአንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይበቃል።

ግን አደራችሁን፣ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ መማሪያ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አትመድቡልን። ልጆቹ ወዲያው ነው የሚሰለቹት። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒካራጓ ውስጥ የተሞከረውን የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርት ተመልከቱ። ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ወዲያው ትክክለኛው መልስ ይነገራል፤ የተሳሳተውም እዚያው ያርማል። በፈተና ሲመዘኑ በተለመደው መንገድ ከተማሩት በልጠው ተገኙ። ያቺ የዝምታ ፋታ ስንት ሰከንድ ትሁን የሚለው ስቱዲዮ ውስጥ በግምት አይወሰንም። ቅጂው ከመሰራጨቱ በፊት ከልጆች ጋር መሞከር፣ ካልሆነም እንደገና መቀዳት አለበት። በጀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ሥራ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሬዲዮ ብቻውን ደግሞ አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረው ሬዲዮ ሱታቴንሳ ገበሬዎችን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር፣ በየሰፈሩ ጎረቤት ሰብስቦ የሚያግዝ ሰው ነበረው። የታተመ መማሪያም አብሮ ይታደል ነበር። ለእኛም ልጆች እንዲህ ያለ አጋዥ ያስፈልጋል። ዲግሪ አይጠየቅ። በደንብ የሚያነብና ልጆችን የሚታገሥ ይሁን፤ አጭር ሥልጠናና በወቅቱ የሚከፈል አበል ይሰጠው።

ቋንቋው ልጆቹ ቤት ውስጥ የሚናገሩት ይሁን። ሰዓቱን ከወላጆች ጋር ተማከሩበት፤ ቤተሰባቸውን በሥራ የሚያግዙ ልጆች ጠዋት ላይ ላይገኙ ይችላሉ። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ሬዲዮ ምንም አይፈይድምና ለእነሱ የሚሆነው መንገድ ከጅምሩ ይታሰብ።

ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2014 በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ስትዘጋ ትምህርቱን በሬዲዮ አስተላልፋለች። እኛ ግን ወረርሽኝ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። በየሳምንቱ የማይነካ ቋሚ የአየር ሰዓት ይመደብልን። የማሰራጫ ሞገዱ የማይደርስባቸውን ቦታዎችም ይፋ አድርጉልን፤ እዚያ ቅጂዎቹን በሚሞሪ ካርድ ማድረስ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር